ሲጮኽ የሚያድር የመጸዳጃ ቤት የውሃ ሳጥን፦ ማስተካከል፣ ማጽዳት ወይስ መቀየር?

ከመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ጀርባ ያለው የውሃ ሳጥን መጮኽ ሲጀምር በአዲስ አበባ ቤቶች የተለመደው ነገር ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቤተሰቡ ጆሮውን አላምዶ ይተወዋል፣ ወይ ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ «ሙሉ ዕቃው ይቀየር» ይላል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ያለ አግባብ ውድ ናቸው። የመጀመሪያው በቆጣሪው ላይ ውሃ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ጎማ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ላመጣችው ጣጣ የሙሉ ዕቃ ዋጋ ያስከፍላል። በመካከላቸው ከፍታ ማስተካከል፣ ፈትቶ ማጽዳት፣ የተጎዳውን ክፍል ብቻ መለወጥና የውሃውን ግፊት መቀነስ የሚባሉ አማራጮች አሉ። ከእነዚህ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የዕቃው ዕድሜ ወይም የባለ ሱቁ ምክር ሳይሆን የድምፁ ዓይነትና ድምፁ በሚሰማበት ሰዓት ውሃው ከየት እየመጣ እንደሆነ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ድምፅ የሚያመጡት ክፍሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ነው፤ ከግድግዳው አንግል ቫልቭ፣ ማለትም ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ውሃ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው መክፈቻ፣ በተጣጣፊ ቱቦ የመጣው ውሃ በእርሱ በኩል ይገባል፣ አብሮት ያለው ተንሳፋፊም ውሃው ሲሞላ ከፍ ብሎ ይዘጋዋል። ሁለተኛው በሳጥኑ መሐል የቆመው መልቀቂያ ነው፤ ቁልፉ ሲጫን ከሥሩ ያለው ጎማ ተነሥቶ ውሃውን ወደ መቀመጫው ይለቅቅና ተመልሶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከመልቀቂያው ጋር ተያይዞ የቆመው ባዶ ቱቦ ደግሞ ማስገቢያው አልዘጋ ባለ ጊዜ ትርፉን ውሃ ወደ መቀመጫው የሚያወርድ ነው። ሳጥኑ ወለሉን ሳያረጥብ ለወራት ውሃ ሊያባክን የሚችለውም በዚህ ቱቦ ምክንያት ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰፈር አንድ ሳጥን በአንድ ሳምንት ውስጥ የተለያየ ግፊት ያገኛል። መስመሩ ሲመጣ፣ በተለይም ጎረቤቱ ሁሉ ቧንቧውን ዘግቶ በተኛበት ሌሊት፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ መስመሩ ሲጠፋ ደግሞ ከሮቶ በስበት የሚወርደው ውሃ ይተካዋል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ሮቶው ከሳጥኑ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ነው፤ በባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም በምድር ወለል ለሚኖር ሰው ግን ከጣራው ላይ የሚወርደው ያው ውሃ 1.2 ወይም 1.5 ባር ሊደርስ ይችላል። ፓምፕ የተገጠመበት ቤት ከዚህም በላይ ያገኛል። በ0.3 ባር ዝም የሚል ቫልቭ በ4 ባር ሊያፏጭ፣ ለ4 ባር የተሠራ ቫልቭም በ0.3 ባር ቀስ እያለ ሲሞላ ሊያመሽ ይችላልና «ሳጥኑ ይጮኻል» ብሎ ሱቅ ከመሄድ በፊት «መቼ ነው የሚጮኸው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መስመሩ በመጣበት ሌሊት ብቻ የሚጮኽ ሳጥን ጉዳዩ ከግፊት ጋር ነው፤ በሮቶ ውሃም በመስመር ውሃም እኩል የሚጮኽ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ድምፁን መለየት

የሳጥኑን ክዳን በሁለት እጅ አንሥቶ ወለል ላይ በጨርቅ ላይ ማስቀመጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ሴራሚኩ ከጫፉ በቀላሉ ይሰበራል፣ ለብቻው የሚሸጥ ተመሳሳይ ክዳን ማግኘትም ከባድ ነው።

ሳጥኑ ሞልቶም «ሽሽ» የሚለው ቀጭን ድምፅ ካላቆመ ተንሳፋፊውን በጣት ወደ ላይ ቀስ አድርጎ ማንሣት ነው። ሲነሣ ድምፁ ፀጥ ካለ ቫልቩ ደኅና ነው፤ የጎደለው የተንሳፋፊው ከፍታ መስተካከል ነው፣ አለበለዚያም ኳሱ ተሰንጥቆ ውስጡ ውሃ ገብቶ ከብዷል፤ ይህም ነቅሎ በማንቀጥቀጥ ይታወቃል። ተንሳፋፊው ተነሥቶም ድምፁ ከቀጠለ በቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ጎማው አልቋል።

ማንም ሳይነካው በሌሊት ለጥቂት ሰከንድ ውሃ ሞልቶ ዝም የሚል ሳጥን ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ምክንያቱ ግን ተራ ነው። የመልቀቂያው ጎማ በደንብ ስላልገጠመ ውሃው ወደ መቀመጫው ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ መጠኑ ሲጎድል ማስገቢያው ተከፍቶ ይተካዋል። ይህን ለማረጋገጥ የምግብ ቀለም ወይም የቀይ ሥር ጭማቂ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሮ ቁልፉን ሳይነኩ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይበቃል፤ ቀለሙ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ ጥፋተኛው መልቀቂያው ነው። ይህን ድምፅ መናቅ አይገባም። በደቂቃ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የሚያንጠባጥብ ሳጥን በቀን 360 ሊትር ያወርዳል። ይህ ባለ 20 ሊትር 18 ጀሪካን ሲሆን፣ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶም ሌላ ማንም ሳይጠቀምበት በሦስት ቀን ውስጥ ባዶ ይሆናል። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ በሆነበት ሰፈር ውሃው ያለቀው በልብስ አጠባ ነው ተብሎ የቤት ሠራተኛዋ የምትወቀስበት ጊዜ እንዳለ መገመት አያስቸግርም።

በሚሞላበት ጊዜ እንደ መኪና ጥሩምባ «እምምም» የሚል፣ አንዳንዴም ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ የማስገቢያው ጎማ ላልቶ ወይም ደርቆ በውሃው ፍሰት ሲርገበገብ የሚመጣ ነው። ቫልቩ በተዘጋባት ቅጽበት የሚሰማው «ዷ» የሚል ምት ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ሲሮጥ የነበረው ውሃ ድንገት ሲቆም የሚፈጥረው ግጭት ነው፤ ከግድግዳው ጋር በደንብ ያልታሰረ ቧንቧ ካለ ምቱ ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስላል። መስመሩ ጠፍቶ ሲመለስ ለትንሽ ጊዜ የሚሰማው መንፈቅፈቅ ግን አየር ሲወጣ ነው፤ ለእርሱ ምንም መግዛት አያስፈልግም።

ያለ ወጪ የሚሆነውና የማይሆነው

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞከረው ከፍታውን ማስተካከል ነው። ውሃው ከባዶው የትርፍ ውሃ ቱቦ አፍ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። በአዲሶቹ የፕላስቲክ ቫልቮች ይህ የሚደረገው ረጅሙን ዘንግ በካቻቢቴ በማዞር ወይም ማያያዣውን ቆንጥጦ ተንሳፋፊውን ዝቅ በማድረግ ነው፤ በድሮው የነሐስ ቫልቭ ደግሞ የኳሱ ክንድ በሁለት እጅ ተይዞ በጥቂቱ ወደ ታች ይጎበጣል። ክንዱን በአንድ እጅ ብቻ መጫን ቫልቩን ከእግሩ ሊያላቅቀው ስለሚችል አይመከርም። ድምፁ እስኪጠፋ ተብሎ ውሃው ከሚገባው በታች እንዲቆም የሚያደርጉም አሉ። ይህ ለጊዜው ዝምታ ያመጣል፤ ሆኖም መቀመጫው በአንድ ጊዜ ስለማይጸዳ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ይጫናል፣ ተረፈ የተባለው ውሃም በእጥፍ ይወጣል።

ማስተካከል ካልሠራ ቀጣዩ ማጽዳት ነው፤ በእኔ ግምት በከተማችን ካሉት የሚጮኹ ሳጥኖች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይድኑ ነበር። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ የቧንቧውን ዝገትና ደለል ጠራርጎ ያመጣል፤ ከቧንቧው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወርደው ቡናማ ውሃ የዚሁ ምልክት ነው። ይህ ሁሉ በቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ይደርሳል። ሥራው አንግል ቫልቩን በመዝጋትና ቁልፉን ተጭኖ ሳጥኑን ባዶ በማድረግ ይጀምራል። የብዙዎቹ የፕላስቲክ ቫልቮች አናት ሩብ ዙር ወደ ግራ ሲዞር ወይም የጎን መያዣው ሲነቀል ይከፈታል፤ ከሥሩ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ክብ ጎማ አለ። ጎማውን በጥፍር አንሥቶ በብርሃን ሲያዩት ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ የቀዳዳው ክብ ታትሞበት፣ በዚያ ክብ ጠርዝም የአሸዋ ቅንጣት ወይም ዝገት ተቀርቅሮበት ይታያል። ቅንጣቷ የፈጠረችው ስንጥቅ ፀጉር ያህል ቢሆንም ውሃው በእርሷ በኩል ሲሾልክ ያን ሁሉ ፉጨት ያወጣል። ጎማው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ከመመለሱ በፊት በተከፈተው ቫልቭ አናት ላይ ጽዋ ገልብጦ በመያዝ አንግል ቫልቩን ለጥቂት ሰከንድ ከፍቶ መዝጋት ያስፈልጋል፤ በቧንቧው ውስጥ የቀረው አሸዋ በዚህ ካልወጣ ጎማው ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። በቫልቩ እግር ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ወንፊትም፣ ካለች፣ በጥርስ ብሩሽ ትጸዳለች።

ውሃው ከጉድጓድ በሚመጣበት አካባቢ ከአሸዋው በላይ የሚያስቸግረው ነጩ የኖራ ቅርፊት ነው። የድሬዳዋ ነዋሪ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚያየው ጋገራ በቫልቩም ላይ ይቀመጣል። ክፍሎቹን በኮምጣጤ ለአንድ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ያለሰልሰዋል፤ በቢላ መፋቅ ግን ጎማው የሚያርፍበትን ለስላሳ ጠርዝ ያበላሻል። ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይደረግም። ሳጥኑ ውስጥ የሚጣሉት የክሎሪን እንክብሎችም ጠረን ያሳምሩ እንጂ ጎማውን ያደርቁታል፤ ዛሬ መልካም የሸተተ መጸዳጃ ቤት ከወራት በኋላ ሲንጠባጠብ ያድራል።

ጎማውን ብቻ ወይስ ቫልቩን?

ጎማው ከደረቀ ወይም የታተመበት ክብ ከጠለቀ ማጽዳት አይመልሰውም። በድሮው የነሐስ ቫልቭ ያለው ቀላል ጎማ በመርካቶ የሳኒተሪ ዕቃ ሱቆች ለብቻው ስለሚገኝ፣ ሲቸግርም ያው ጎማ ተገልብጦ ጥቂት ጊዜ ስለሚያገለግል፣ እዚህ ላይ ቫልቩን መጣል ብክነት ነው። ነሐሱ ራሱ ከአዲሱ ፕላስቲክ በላይ ይቆያል። ስም የሌላቸው የፕላስቲክ ቫልቮች ግን ጎማቸው እንደ አምራቹ ስለሚለያይ «የሚመስለውን» ገዝቶ መግጠም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ በእነዚህ ቫልቩን በሙሉ መለወጥ ይሻላል።

አዲስ ቫልቭ ለመምረጥ ባሕርዩን ማወቅ ይረዳል። ረጅም ክንድና ኳስ ያለው ውሃው በሞላ ቁጥር ቀስ እያለ ስለሚዘጋ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ረዘም ያለ ፉጨት አለው፤ በአንጻሩ በዝቅተኛ ግፊት አይቸገርም፣ ቧንቧውንም አይመታም። ተንሳፋፊው በዘንጉ ላይ የሚወጣና የሚወርድ፣ አጠር ያለው የፕላስቲክ ቫልቭ ውሃውን ከሳጥኑ ሥር ስለሚለቅቅና ቶሎ ስለሚዘጋ ከሁሉ ዝምተኛው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ያው ፈጥኖ መዝጋቱ ግፊቱ ከፍ ባለበት ቤት «ዷ» የሚለውን ምት ይወልዳል፣ በውስጡ ያለችው ቀጭን ሽፋንም ለመዝጋት የውሃውን ግፊት ስለምትፈልግ ሮቶው ዝቅ ባለበት ቤት ሳይዘጋ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ይሆናል፦ ሮቶው ከራስ በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ከሆነና መስመሩ እምብዛም ካልመጣ ባለ ኳሱ፣ ፓምፕ ወይም ጠንካራ መስመር ካለ አጭሩ ቫልቭ። ሁለቱንም ግፊት የሚያገኝ ቤት አጭሩን ወስዶ ዝቅተኛ ግፊቱ ስንት ባር እንደሆነ በካርቶኑ ላይ ማንበብ አለበት፤ ካልተጻፈበት ዕቃውን መተው ነው።

ዋጋው ምንም ይሁን ምን አንድ ነገር አይታለፍ። በዘንጉ ላይ «ሲ ኤል» (CL) የሚል ምልክት ካለ ያ ምልክት ከትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ በላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ይህ ከድምፅ ጋር ባይገናኝም በፈረቃ ለሚኖር ቤት ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ መስመሩ ሲጠፋ ቧንቧው ወደ ኋላ ስለሚስብ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ቫልቭ የሳጥኑን ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ሊመልስ ይችላል። ድምፁን ለማጥፋት ብለው በቫልቩ አፍ ላይ ቱቦ ሰክተው እስከ ውሃው ውስጥ የሚያወርዱ ሰዎችም የሚፈጥሩት ይህንኑ አደጋ ነው።

የጥርሱ መጠንም መታየት አለበት። በእኛ ገበያ ያለው የቫልቭ እግር በአብዛኛው ባለ ግማሽ ኢንች ጥርስ ሲሆን በአሜሪካ የሚሸጠው ግን ተጣጣፊ ቱቦው ባለ 7/8 ኢንች ዳዶ የሚፈልግ ወፍራም እግር አለው። ከዘመድ ሻንጣ የወጣ ጥሩ የአሜሪካ ቫልቭ ሳጥኑ ቀዳዳ ላይ ሳይገባ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌውን ዕቃ ነቅሎ ይዞ ሱቅ መሄድ ከማንኛውም መለኪያ ይበልጣል።

መልቀቂያው ሲያፈስ

እዚህ ላይ ያለው ልዩነት በዋጋ ሳይሆን በድካም ነው። በሰንሰለት የሚነሣው የጎማ ክዳን ያለበት ሳጥን ከሆነ ክዳኑ ብቻ ያለ መፍቻ ነቅሎ ይቀየራል፤ ከዚያ በፊት ግን ሰንሰለቱ ጠብቆ ክዳኑን እንዳላንጠለጠለው፣ ወይም ረዝሞ ከሥሩ እንዳልተቀረቀረ ማየት ይገባል። በሁለት ቁልፍ የሚሠሩት፣ ማለትም 3 እና 6 ሊትር የሚለቅቁት፣ መሐላቸው ላይ ያለው ግንድ ሩብ ዙር ሲዞር ይነቀላል፤ ከሥሩ ያለችው ጠፍጣፋ የሲሊኮን ቀለበት ናት የምትለወጠው። ብዙ ጊዜ ታጥባና ተገልብጣ ስትመለስም ትሠራለች። ከክዳኑ ወደ ታች የሚወርዱት የቁልፉ ዘንጎች ረዝመው መልቀቂያውን ተጭነውት እንዳይሆን መፈተሽም አይረሳ፤ ይህ ከሆነ ዘንጉን በጥቂቱ አሳጥሮ መመለስ ብቻ ነው።

ጎማው የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ጣት ሲዞር ስንጥቅ ወይም ጉድፍ ከተሰማ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠርዙ ከሳጥኑ ጋር በትልቅ ዳዶ ስለታሰረ ሳጥኑ ከመቀመጫው ተነሥቶ መፈታት አለበት፤ ሁለቱን የሚያያይዙት ቡሎኖችም ብዙ ጊዜ ዝገው ይገኛሉ። ለባለሙያ ገንዘብ መክፈል የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ የዛገ ቡሎን በፒንሳ ሲታገሉ ሴራሚኩን መስበር የአንድ ሰከንድ ሥራ ነውና። ለቧንቧ ሠራተኛውም «ይጮኻል» ከማለት ይልቅ «የመልቀቂያው ጎማ የሚያርፍበት ጠርዝ ተሰንጥቋል» ብሎ መንገር ሙሉ ዕቃ የማስቀየር ፈተናውን ይቀንስለታል።

ግፊቱን መቀነስ

ጩኸቱ የሌሊት መስመር ብቻ ከሆነ ሳጥኑን መነካካት ትርፉ ድካም ነው። አንግል ቫልቩን ግማሽ ያህል መዝጋት ያለ ምንም ወጪ ፍሰቱን ያቀዘቅዛል፣ ፉጨቱንም ምቱንም ይቀንሳል፤ ሳጥኑ ለመሞላት ጥቂት ደቂቃ ይጨምርበታል። ጉድለቱ በሮቶ ውሃ ቀን ሳጥኑ ሲሞላ ማዝገሙ ነው፤ ከልክ በላይ ከተዘጋም አንግል ቫልቩ ራሱ ያፏጫል። መስመሩ በቋሚነት ከ5 ባር በላይ የሚደርስበት ቤት ከቆጣሪው ቀጥሎ የግፊት መቀነሻ ቢያስገጥም የተሻለ ነው፤ ዋጋው ከቫልቭ በላይ ቢሆንም የሻወሩን፣ የውሃ ማሞቂያውንና የልብስ ማጠቢያውን ዕድሜም አብሮ ይጠብቃል። ምቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ የላላውን ቧንቧ ከግድግዳው ጋር በማያያዣ ማሰር በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሙሉውን ዕቃ መለወጥ ትክክል የሚሆነው ማስገቢያውም መልቀቂያውም በአንድ ጊዜ ሲያልቁ፣ ወይም ሳጥኑ 9 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ አሮጌ ሆኖ ባለቤቱ ውሃ መቆጠብ ሲፈልግ ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለ9 ሊትር የተሠራ መቀመጫ በ6 ሊትር በደንብ ላይጸዳ ስለሚችል ከሳጥኑ ጋር መቀመጫውም አብሮ መለወጥ ይኖርበታል። ሳጥኑና መቀመጫው አንድ ወጥ የሆነ ዕቃ ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት ከሳጥኑ ወለል እስከ ክዳኑ ያለውን ቁመት ይለካ፤ እነዚህ ሳጥኖች ዝቅ ያሉ በመሆናቸው መደበኛው ቫልቭ ተገጥሞ ክዳኑ አልገጥም ይላል። ሲገጠምም የፕላስቲኩ ዳዶ በእጅ እስኪጠብቅ ድረስ ብቻ ይታሰራል፣ ምናልባት በመፍቻ ሩብ ዙር ይጨመርለታል፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጎማውን ያጣምመዋል እንጂ ፍሳሹን አያቆምም። ተጣጣፊው ቱቦ የራሱ ጎማ ስላለው በጫፉ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል አያስፈልገውም።